የዝናሽ ወራት

ረቡዕ፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነበር።

ሰዓቱን በዚህ መጠን የማስታውሰው የተለየ ችሎታ ስላለኝ አይደለም። በላቦራቶሪ መዝገባችን የእያንዳንዱ ናሙና ውጤት የተነበበበት ደቂቃ መጻፍ ስላለበትና ያን ገጽ ዛሬም አልፎ አልፎ አውጥቼ ስለማየው ነው። በዚያች ደቂቃ፣ ላሊበላ ላይ ለጥናታችን በተከራየናት ባለ አንድ መስኮት ክፍል ውስጥ፣ የናሙና ቁጥር አርባ ሰባትን ውጤት አነበብሁ። መሣሪያው እያንዳንዱን ናሙና ሁለት ጊዜ ነው የሚለካው፤ ሁለቱም መለኪያዎች ተስማምተዋል። የመሣሪያውን ማስተካከያ ፈተሽሁ፤ እንከን አልነበረበትም። የብልቃጡን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር አመሳከርሁ፤ ልክ ነበር። የምፈትሸው ነገር ሲያልቅብኝ ወንበሬን ወደኋላ ስቤ ዝም ብዬ ቁጥሩን አየሁት።

ያን ጊዜ የአርባ ሁለት ዓመት ሴት ነበርሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባዮኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሰዎች «ዶክተር» ሲሉኝ ሐኪም እየመሰልኋቸው ሕመማቸውን ሊነግሩኝ ይጀምራሉ፤ ሐኪም አይደለሁም። እኔ የምነካው ታካሚውን ሳይሆን ከታካሚው የተቀዳውን ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ለጠባዬ ይስማማኝ ነበር። ብልቃጥ ጥያቄ አይጠይቅም፤ ዓይን ዓይንም አያይም።

ጥናታችን ቀላል በሚመስል ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነበር፦ ያለ ጊዜው የሚወለድ ሕፃን፣ ከመወለዱ ከብዙ ሳምንታት በፊት በእናቱ ደም ውስጥ ምልክት ይሰጣል ወይ? በነፍሰ ጡሯ ደም ውስጥ ያሉ ሁለት ፕሮቲኖችን ለክተን አንዱን ከሌላው ጋር እናነጻጽራለን። አንደኛው ከሚገባው በላይ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ሲገኝ ምጡ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል ብለን እንጠረጥራለን። እንጠረጥር ነበር እንጂ አናውቅም ነበር። ጥናቱም የሚካሄደው ለዚሁ ነው።

አንባቢ አንድ ነገር ብቻ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ የቀረው ታሪክ በእሱ ላይ የቆመ ነውና። ያ ንጽጽር ከእርግዝናው ዕድሜ ተነጥሎ አይነበብም። በሃያ አምስተኛው ሳምንት የሚያስደነግጥ ቁጥር በሠላሳኛው ሳምንት ተራ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሴትየዋ የመጨረሻ የወር አበባዋን ያየችበት ቀን ከደሟ እኩል ያስፈልገን ነበር። በብልባላ ገጠር ይህ ቀን የሚነገረው በበዓል ነው፤ «ለመስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀረው»፣ «በጥምቀት ማግስት» እየተባለ። እኔም የበዓላቱን ሰንጠረዥ ጠረጴዛዬ ፊት ለጥፌ በዓሉን ወደ ሳምንት እለውጠዋለሁ። በዚያ ሰንጠረዥ እኮራ ነበር።

ሌላም መነገር ያለበት አለ። ሴቶቹ ደማቸውን ሊሰጡን ሲስማሙ በሚፈርሙበት ወረቀት ላይ «የምርመራው ውጤት ለተሳታፊዋ አይነገርም» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ትክክል መሆኑንም አምን ነበር። ገና ባልተረጋገጠ ነገር ነፍሰ ጡርን ማስደንገጥ ነውር ነው። ደግሞም ሥራችን በብልቃጥ ቁጥር እንጂ በስም ስላልሆነ፣ የትኛው ደም የማን እንደሆነ ሳላውቅ መሥራት እችል ነበር።

ቁጥር አርባ ሰባትን ግን አውቃታለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ብልባላ ጤና ጣቢያ ደም ስንሰበስብ፣ አዋላጅ ነርሷ አልማዝ ምጥ ላይ ላለች ሴት ተጠርታ ስትሄድ፣ የቀረችውን የአንዲት ሴት ደም እኔ ራሴ ቀዳሁ። ዝናሽ ትባላለች፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ተራ የሚጠብቁ ጎረቤቶቿ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል።

«ከዚህ በፊት ወልደሻል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሁለት። አንዱ በሰባት ወሩ መጣ፤ አንዷ በስምንት ወር ውስጥ። ቀን አልዋሉልኝም።»

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ በሚለው ረድፍ ላይ «2» ብዬ ጻፍሁ።

«የመጨረሻ የወር አበባሽን መቼ አየሽ?»

«ግንቦት ልደታ ለታ።»

መልሱ ፈጣን ነበር። ፈጣን መልስ ደስ ስለሚለኝ ወዲያው ጻፍሁት፤ ሃያ አምስት ሳምንት። መርፌውን ሳወጣ ክንዷን በጥጥ ይዛ፣ «ይኸኛው ይቀመጥልኝ እንደሆነ ደሜ ያውቃል ማለት ነው?» አለችኝ።

«ገና እያጠናን ነው።»

«ካወቁ ይነግሩኛል?»

«አይነገርም። ወረቀቱ ላይ ተነብቦልሻል።»

«እንግዲያ ደሜን ያየ ሁሉ ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ባለቤቷ ብቻ ነኝ» ብላ ሳቀች። ወንበሩ ላይ ያሉትም ሳቁ። እኔ ብልቃጡ ላይ 47 ብዬ ጻፍሁና ወደ ቀዝቃዛው ሳጥን አስገባሁት።

እንግዲህ ያን ረቡዕ ያነበብሁት የዚህችን ሴት ደም ነበር። ለሃያ አምስት ሳምንት፣ እስከዚያ ቀን ካየናቸው ሁሉ ክፉው ቁጥር ነበር። አልማዝ ዘንድ ደወልሁ። ውጤቱን ልነግራት አልነበረም፤ ዝናሽ እንዴት እንደሆነች ብቻ ልጠይቃት ነበር።

«ዝናሽ? ደኅና ናት» አለችኝ። «እናቷ በቅሎ ይዘው ትናንት መጥተዋል። ነገ ማለዳ ይዘዋት ሊሄዱ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ አገራቸው ነዋ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ሁለቱ ስላልቆዩ ይኸኛው እንደ መጀመሪያ ይቆጠራል ብለው። ለሚካኤል ቤቴ መግባት አለብኝ እያሉ ነው።»

የእናቷ አገር ከብልባላ አንድ ሙሉ ቀን በእግር፣ ወደ ተከዜ በኩል ቁልቁል ነው። እዚያ መኪና አይደርስም። ምጥ ያለ ጊዜው ቢጀምራት በቃሬዛ ሽቅብ ትወጣለች፤ ወይም አትወጣም። ደግሞ ያለ ጊዜው የሚወለድ ሕፃን ሳንባው እንዲጠነክር ለእናቱ ቀድሞ የሚሰጥ መርፌ አለ፤ ያ መርፌም፣ ቀድመው የተወለዱት የሚቆዩበት የሚሞቀው ክፍልም ያለው ላሊበላ ሆስፒታል ነው።

የጥናቱ መሪ የቀድሞ አስተማሪዬ ናቸው። ደወልሁላቸውና ሁሉንም ነገርኋቸው።

«ስንት ሳምንት ነበረች?» አሉኝ።

«ሃያ አምስት።»

«በምን ታወቀ?»

«በቃሏ።»

«ልጄ፣ ያን ዓረፍተ ነገር ያስገባነው እኮ ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ያልተረጋገጠ መለኪያ ይዘሽ ሰው ቤት ገብተሽ ብትሳሳቺስ? ከዚያ በኋላ የትኛዋ ሴት ክንዷን ትዘረጋልሻለች?»

«ባልሳሳትስ?»

«ያም ይኖራል» አሉ። «አልፈቀድሁልሽም። ይህን የምልሽ ስለማልራራ አይደለም።»

እንደማይራሩ አላሰብሁም። በሃያ ዓመት ውስጥ ቃላቸውን ጥሼ አላውቅም። ስልኩን ዘግቼ ናሙናዎቹን በየቦታቸው መለስሁ፣ ማቀዝቀዣውን ቆለፍሁ፣ ጠረጴዛውን በአልኮል ጠረግሁ። ከዚያም በሰባት ሰዓት ወደ ሰቆጣ በምትሄድ ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

አልማዝ ብልባላ መውረጃው ላይ ስታየኝ፣ «ዶክተር፣ ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች? የደም ሳጥንዎን ሳይዙ መጥተው አያውቁም እኮ» አለችኝ። መንገድ ላይ ምክንያቴን ነገርኋት። ርምጃዋን አፈጠነች። ጤፉ እየታጨደ ባለበት ማሳ መካከል ግማሽ ሰዓት ያህል ተጓዝን።

የዝናሽ እናት፣ እትዬ ተዋበች፣ ከድንጋይ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው የኮርቻውን ጠፍር በወስፌ ይሰፉ ነበር። የዝናሽ ባል ደሳለ ከማሳው ገና መግባቱ ነው፤ ገለባ ልብሱ ላይ ተሰክቷል። ዝናሽ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ደም ቀጂዋ አንች ነሽ?» አሉኝ እትዬ ተዋበች፤ ከሰላምታው በኋላ።

«ነኝ፣ እትዬ።»

«የወሰድሽውን ልትመልሽ ከሆነ ግቢ።»

ገብተን ተቀመጥን። ንግግሬን መንገድ ላይ አዘጋጅቼው ነበር። እንዳልናገር የተከለከልሁትን ልናገር መምጣቴን፣ በደሟ ውስጥ ያየሁት ምልክት ልጁ ከጊዜው በፊት ሊመጣ እንደሚችል የሚያስጠረጥር መሆኑን፣ ምልክቱ ግን እርግጠኛ አለመሆኑን፣ ስለዚህም ወደ ተከዜ ከመሄድ ይልቅ ላሊበላ ሆስፒታል አጠገብ ባለው የነፍሰ ጡሮች ማቆያ ብትቀመጥ እንደሚሻል አንድ በአንድ ተናገርሁ።

እትዬ ተዋበች ቅድም ሲሰፉ እንደነበረው ወስፌያቸውን ሳያቆሙ አዳመጡኝ።

«ሊመጣ ይችላል፤ ላይመጣም ይችላል» አሉ በመጨረሻ። «ይህንማ የኛ አገር ጠንቋይም ይለዋል። እሱ እንኳ የሚቀበለው ዶሮ ነው፤ አንች ደም ተቀበልሽ።»

ደሳለ ሳቁን በእጁ ሸፈነ። አልማዝ ስለ መርፌውና ስለሚሞቀው ክፍል ማስረዳት ጀመረች። እትዬ ተዋበች በእጃቸው አስቆሟት።

«አንች ልጅ፣ እኔ መርፌ አልጠላሁም። ግን ሁለቱ የሞቱት የት ነው? እዚህ፣ በዚህ ቤት። የመጀመሪያውን ብቻዋን ወለደችው፤ ሰዉ ሁሉ አዝመራ ላይ ነበር። ሁለተኛዋን ስትወልድ አማቷ አፈር ገብታለች። የነበረው እሱ ነው» አሉና ወደ ደሳለ አገጫቸውን ቀሰሩ። «ወንድ ምን ያውቃል?»

«እውነት ነው» አለ ደሳለ። «ምንም አላውቅም። ቆሜ ነበር።»

ዝናሽ መሬት መሬት ታያለች።

«እኔ ራሴ እናቴ ቤት ነው የወለድኋት» ቀጠሉ እትዬ ተዋበች። «ወጉም እሱ ነው። እናንተ ማቆያ የምትሉት ቤት ውስጥ ማን አላት? ማን ወገቧን ያሽላታል? ባዳ መሀል ጥያት ልሂድ?» ከዚያ ወስፌውን ጠፍሩ ላይ ሰክተው ቀና ብለው አዩኝ። «ይልቅ ቁርጡን ንገሪኝ። ደሟ ክፉ ነው ወይስ ደግ?»

«በዚህ ወር ላይ ላለች ሴት ክፉ ነው» አልኋቸው።

ጠፍሩን ከጉልበታቸው አወረዱት። እጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ፈታ። «እንግዲያ…» አሉና ሳይጨርሱት ቀሩ። ከፊታቸው አንድ ነገር እንደ ለቀቀ አየሁ፤ እሺ ሊሉኝ ነበር። አልማዝም አይታዋለች።

በዚህ መካከል ዝናሽ፣ «ዶክተርን ጓሮ ላሳያቸው፤ ከመንገድ ነው የመጡት» አለች። ጓሮ አሳዩኝ አላልሁም ነበር፤ ግን ተነሥቼ ተከተልኋት።

ከቤቱ ጀርባ የድንጋይ ካብ አለ። ካቡ ሲከልለን ቆመች።

«ልደታ አይደለም» አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

«ልደታ አይደለም። መጨረሻ ያየሁት መጋቢት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።»

ወዲያው አልገባኝም። ዝናሽ ካቡ ላይ ያለች ጠጠር በጣቷ እያነቃነቀች ቀጠለች። «ደሳለ ቆቦ የቀን ሥራ ሄዶ መንፈቅ ቆይቶ መጣ። ፋሲካ ገና ነበር። ጾሙ አልተፈታም። ገባሽ አይደል?» ለመጀመሪያ ጊዜ አንች አለችኝ። «ሁለቱ ሲሞቱብኝ በምን ኃጢአቷ ነው እያሉ የከረሙ ናቸው። ይኸን ቢሰሙ ምን ይሉኛል? ያን ቀን ወንበሩ ላይ የነበሩት ሁሉ የሰፈሬ ሰዎች ናቸው። ልደታ አልሁ። ለእናቴም ልደታ ብዬ ነው የላክሁባት።»

«ለአልማዝስ?»

«ሆዴን ስትለካ ትንሽ በዛ አለችኝ። ዝም አልሁ።»

አልማዝ ዝም አላለችም ነበር። ሆዷን ለክታ ከጻፈችው ቁጥር ጎን፣ በመዝገቡ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጋለች። መዝገብ ላይ እርሳስ አይፈቀድም ብዬ የፋቅሁት እኔ ነኝ።

ቆሜ አሰብሁት። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ልደታ አምስት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ቀን የቀረው ነው። ሃያ አምስቱ ወደ ሠላሳ ተጠጋ። ጠዋት ወንበሬን ወደኋላ ያሳበኝ፣ የአስተማሪዬን ቃል ያስጣሰኝ፣ እዚህ ድረስ ያመጣኝ ቁጥር፣ በሠላሳኛው ሳምንት ሲነበብ ከተራው ጥቂት ከፍ ያለ፣ ማንንም ከጠረጴዛው የማያስነሣ ቁጥር ሆነ። «በምን ታወቀ?» ብለውኝ ነበር። «በቃሏ» ብዬ ነበር።

«ለእናቴ አትነግሪያትም?» አለች ዝናሽ።

«ያንች ነገር ነው። ከኔ አይወጣም።»

«እንዲያ ከሆነ ደሜ አሁንም ክፉ ነው?»

«ቅድም ያልሁትን ያህል አይደለም።»

ጠጠሯን ከካቡ ላይ አወረደቻት። ደስ ይላት መስሎኝ ነበር፤ አላላትም። «እንግዲያ ነገ ይወስዱኛል» አለች በዝግታ።

አንባቢዬ፣ ከካቡ እስከ ቤቱ ደጃፍ ሃያ ርምጃ ያህል ነው። በዚያች ሃያ ርምጃ ውስጥ ያሰብሁትን ሳልሸሽግ እጽፋለሁ። ዝም ብል ዝናሽ ላሊበላ ትሄዳለች። እናቷ ሊስማሙ ነው። የምናገረው እውነት ልጁን ወደ ተከዜ ገደል ይልከዋል፤ ዝምታዬ ደግሞ ወደ ሆስፒታል። ከዚያ በፊት በሕይወቴ ለበጎ ሲባል እንኳ የተሳሳተ ቁጥር አሳልፌ አላውቅም። ያን ቀን ግን ለማሳለፍ ፈለግሁ። የከለከለኝ ትልቅ ሥነ ምግባር አይደለም። እትዬ ተዋበች «ቁርጡን ንገሪኝ» ብለውኝ ነበር፤ የሚወስኑት በነገርኋቸው ላይ ነው። ቁጥሩ ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ብተወው፣ የምወስነው እኔ ሆኜ እሳቸውን የወሰኑ ማስመሰሌ ነበር።

ገብቼ ተቀመጥሁ። «እትዬ፣ ስሌቴ ውስጥ ስህተት አግኝቻለሁ» አልሁ። «ደሟ ቅድም ባልሁት መጠን ክፉ አይደለም።»

«አሁን ከጓሮ ስትመለሽ ነው ያገኘሽው?»

«አዎ።»

«እኛ ጓሮ ውስጥ?»

አልማዝ ሳል ያዛት። ደሳለ ሚስቱን ቀና ብሎ አየና መልሶ አቀረቀረ።

«ስህተቱ የኔ ነው» አልሁ። እውነትም ነበር። «መለካት ሲገባኝ ሳልለካ የቀረሁት ነገር ነበር።»

«ታድያ ልጄን ይዤ ልሂድ?»

«አይሂዱ።» መልሱ ሳላዘጋጀው ወጣ። «ደሙን ይተዉት፣ እትዬ። ደሙ ባይኖርም ሁለት ጊዜ ያለ ጊዜዋ ወልዳለች። ሁለቴ እንዲህ የሆነባት ሴት ሦስተኛውን ይዛ ከሐኪም መራቅ እንደሌለባት ለማወቅ የኔ መሣሪያ አያስፈልግም። ከምንለካው ሁሉ ይልቅ ይህ ይበልጣል። መጀመሪያ ቀን ራሷ ነግራኛለች፤ ጽፌዋለሁ።»

«ጽፈሽዋል?»

«ጽፌዋለሁ።»

«መቼ?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት።»

እትዬ ተዋበች ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ታድያ በማግስቱ ያልመጣሽው ለምንድን ነው?» አሉኝ።

በጉባኤ ፊት ብዙ ጥያቄ ተጠይቄ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠመኝም። «ቁጥሩን እየጠበቅሁ ነበር» አልኋቸው።

ጠፍሩንና ወስፌውን አነሡ። «ነገ በማለዳ ነይ» አሉ። «ዛሬ አንችም ደክሞሻል፣ እኔም።»

ያን ዕለት አልማዝ ቤት አደርሁ። ከመተኛቴ በፊት ለአስተማሪዬ ደውዬ ቃላቸውን መጣሴን፣ መሳሳቴንም ነገርኋቸው። የዝናሽን ምክንያት አልነገርኋቸውም፤ የእርግዝናው ዕድሜ በተሳሳተ መንገድ ተመዝግቧል ብቻ አልሁ። አልተቆጡኝም። «በጽሑፍ አድርጊውና ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ላኪ» አሉኝ፤ ላክሁ። ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ይገባኛል።

ይህን ታሪክ ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግር የሚከተለው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ልጁ መቼ ተወለደ?» እናንተም ይህንኑ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። ልጁ በሕይወት አለ፤ እናቱም ደኅና ናት። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ቀድሞ ተወለደ ብል «ደሙ እውነቱን ነበር» ትላላችሁ፤ በጊዜው ተወለደ ብል «ደሙ ሐሰት ነበር» ትላላችሁ። አንድ ልጅ ይህንንም ያንንም አያስረዳም። ውሳኔው ትክክል የነበረው በማግስቱ ጠዋት በምናውቀው ነገር ነው እንጂ በኋላ በሆነው አይደለም።

በደም ምልክቶች ማመኔን አልተውሁም። ዛሬም የምሠራው እዚያው ላይ ነው፤ አንድ ቀን ገና ምንም ያልደረሰባትን፣ የምትነግረን ያለፈ ሐዘን የሌላትን ሴት ቀድመን እናስጠነቅቅ ዘንድ። የተለወጠው ሌላ ነው። አሁን የወሩን ጥያቄ የምንጠይቀው ሴቲቱን ብቻዋን አድርገን፣ በር ዘግተን ነው፤ ባልም፣ እናትም፣ ጎረቤትም በሌለበት። ሆዷን የለካችው አዋላጅ የጥያቄ ምልክት ካደረገች ማንም አይፍቀውም። ከዚህ በፊት ያለ ጊዜዋ የወለደች ሴት ደሟ ገና ብልቃጥ ውስጥ ሳይረጋ፣ በዚያው ቀን ማድረግ የሚገባትን ተነግሯት ትሄዳለች። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ፊደል ያልቆጠሩ ሁለት ሴቶች ናቸው። ስማቸውን ለውጬዋለሁ፤ እንድጽፈው ግን ዝናሽ ራሷ ፈቅዳልኛለች፤ እናቷም።

ወደ ማግስቱ ልመለስ፤ ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከአልማዝ ጋር ዝናሽ ቤት ደረስን። በቅሎዋ ተጭናለች። ዝናሽ ውስጥ ነበረች፤ ደሳለ ጭነቱን ያጠብቃል። እትዬ ተዋበች ክንዴን ይዘው ወደ ካቡ በኩል ወሰዱኝ።

«ትናንት ማታ መቀነቷን ስፈታላት ሆዷን ዳሰስሁት» አሉኝ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የስድስት ወር ሆድ አይደለም። እኔም ስድስት ወልጃለሁ፤ ጣትም አለኝ፤ ፋሲካ መቼ እንደ ዋለም አውቃለሁ።»

ወደ ቤቱ በር ዞር ብዬ አየሁ።

«ስህተቱን ወደ ራስሽ ያደረግሽው ለእሷ ብለሽ መሆኑ ገብቶኛል። እንዳወቅሁ እንዳትነግሪያት። ታፍረኛለች፤ ያፈረች ልጅ ደግሞ ሲያማት አትናገርም።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «መንፈቅ ርቆት የመጣ ባል ነው። እግዜር ከኔ ይልቅ ታጋሽ ነው።»

«በቅሎዋስ?» አልሁ።

«በቅሎዋ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ማሽላዬን ወፍ እየበላው ነው፤ ደሳለ ሄዶ ይሰብስብልኝ። ምንም አላውቅም አይደል የሚለው? አጨዳ ያውቃል።» ከዚያም ወደ ቤቱ በር ዞረው ጮክ ብለው፣ ዝናሽም እንድትሰማ፣ «የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ባለችበት ነው። እኔ አብሬያት ማቆያው እገባለሁ። ወገቧን የማሸው እኔ ነኝ፤ መርፌውን እነሱ ይውጉ» አሉ።

«ሚካኤልስ፣ እትዬ? ቤቴ አከብራለሁ ብለው ነበር» አለች አልማዝ።

«ላሊበላ እየሄድሁ ቤተ ክርስቲያን ይጠፋኛል ብለሽ ነው?»

እንዲህ ተወሰነ። ዝናሽ እስክትወልድ ላሊበላ እንድትቀመጥ፣ እናቷም አብረዋት እንዲሆኑ፣ ደሳለ በቅሎዋን ይዞ ወደ ተከዜ እንዲወርድና ማሽላው ሲገባ እንዲመጣ፣ እኔ ሆስፒታሉ በር ድረስ እንዳደርሳቸው። በመዝገቤ ላይ ትክክለኛውን ወር በቀይ ቀለም እንዳርም፤ ከመዝገቡ ውጭ ግን ስለዚያ ወር ማንም ለማንም እንዳያነሣ።